አያ ታከለ የጠበቁት ጭስ

ዛሬ ጠዋት ቁስቋም ቅጽር ግቢ አንዲት የማላውቃት ሴት ጠጋ ብላ፣ «አባቴ የእርስዎን ጭስ ሦስት ቀን ጠብቋል» አለችኝ።

ከወዳጄ ጋር ስለ ተከዜ በረሃ ሳወራ ሰምታኝ ነው። የአባቷን ስም ብጠይቃት፣ «ታከለ» አለችኝ።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ገና ልጅ እግር ሳለሁ ከተከዜ ማዶ አስተማሪ ሆኜ ተመደብሁ። ከመካነ ብርሃን ተነሥተን ያን ገደል በአራት ቀን ያወረዱኝ መንገድ መሪ አያ ታከለ ነበሩ።

«ምነው ትቸኩላለህ? ወንዙ የት ይሄድብሃል?» ይሉኝ ነበር። (ወንዝማ ሲሄድ ነው የሚውለው! ግን ማን ደፍሮ ይመልስላቸዋል?)

እጄን ይዘው እስከ ደረት በሚደርስ ውሃ አሻገሩኝ። ጓዜን ከጀርባቸው አውርደው አሸከሙኝና፣ «አፋፉ ላይ ስትደርስ እሳት አንድድ። ከወዲያ ማዶ ሆኜ ጭሱን ሳላይ ቤቴ አልገባም» አሉኝ።

እሺ አልሁ። አፋፉ ላይ ግን የመንደሩ ሰው በእልልታ ተቀበለኝ፤ ጠላ ቀረበ። ረሳሁት።

ልጃቸው እንደነገረችኝ፣ የተመለሱት ስንቃቸው ሲያልቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ከተከዜ ማዶ የመጣ መንገደኛ ባዩ ቁጥር፣ እስኪሞቱ ድረስ፣ «ያ አስተማሪ ደርሶ ይሆን?» ይሉ ነበር።

እሷ አልተቀየመችኝም። «ሸጋ ነው፤ ደርሰዋል» ብላ እጄን ያዘችኝ።

አንድ ቀን ብቻ፣ አንዲት ቁልቁለት ብቻ፣ እንደገና ከኋላቸው ብሄድ ምን ነበረበት!

እናንተስ? «ደረስሁ» ሳትሉት የቀራችሁ ሰው ካለ እስቲ ጻፉልኝ። በሕይወት ካለ ግን መጀመሪያ ለእሱ ደውሉለት።