መርገጫው ዝቅ ያለው ሚኒባስ

መኪና ልንገዛ ስንነሳ ወንድሜ የሚያየው ሞተር ነበር፣ ልጆቼ የቴፑን ድምፅ፣ እኔ ዋጋውን። እናቴ ግን መርገጫውን ብቻ ነበር የምትጠይቀው። ጉልበቷ የሚችለውን ከፍታ በአንድ ሸንበቆ ላይ በቢላ ምልክት አድርጋ ሰጠችን። "ከዚህ በላይ ከሆነ ወርቅ የተለበጠ ቢሆን እንዳታመጡት" አለች። ወንድሜና እኔ ያንን ሸንበቆ ይዘን ጅማን ስንዞር ደላሎቹ ሣር ቤት የምንሠራ መስሏቸው ይስቁብን ነበር።

ምክንያት አላት። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ አንድ ቀን ሐኪም ቤት ልንወስዳት ታክሲ ብናስቆም መውጣት አቃታት። የሰፈራችን የበቾ ቦሬ ጎረምሶች ደግሞ መልካም ልጆች ናቸው። ማንም ሳይጠራቸው መጥተው፣ ከፊሉ በብብቷ ከፊሉ በእግሯ ይዘው፣ "ሆ!" ብለው እንደ ቡና ጆንያ ጫኗት። መርቃቸው ተቀመጠች። ቤት ስንመለስ ግን ማለች።

"ወላሂ ከእንግዲህ ሰው ተሸክሞኝ መኪና አልገባም። ሰው የሚሸከመኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ አላፍርም።"

ከዚያ በኋላ ከግቢ አልወጣችም። እኛን ያስጨነቀን ሐኪም ቤቱ አልነበረም፤ ሐኪሙስ ቤት ድረስ ይመጣል። ያስጨነቀን አጋሮ ያለችው ታላቅ እህቷ ናት። አክስቴም እንደ እናቴ ጉልበት የላትም፤ በኩራት ግን እናቴን ታስከነዳለች። "እኔ ታላቅ ነኝ። የምትመጣው ታናሽ ናት" ብላ ደጇ ላይ ቁጭ ብላለች። በየቀኑ በስልክ ይጯጯኻሉ። ስልኩ ባይኖርም የሚደማመጡ ይመስለኛል።

"መቼ ነው የምትመጪው?"

"መኪና ሲገኝ!"

"ማሎ! ሬሳዬን ልታዪ ነው እንዴ የምትመጪው?"

ይህን ስትሰማ እናቴ ስልኩን ትዘጋና ዝም ትላለች። ጯሂ ሰው ዝም ሲል ያስፈራል። ሁለት እህትማማቾች በአንድ መርገጫ ምክንያት ሳይተያዩ እንዳይለያዩ ፈራሁ። ያገለገለ ሚኒባስ ፍለጋ የወጣነው ለዚህ ነው፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት ማድረሱ ለሰው የምንነግረው ምክንያት ነበር።

ሰርቦ ከተማ ያየነው እሸት ቡና ሲያመላልስ የኖረ ነበርና ውስጡ ኮምጣጣ ሽታ አለው፤ ልጆቼ አፍንጫቸውን ይዘው ወረዱ። ጅማ መናኸሪያ አካባቢ ያየነው ደግሞ በሩ የሚከፈተው አንድ ሰው ከውስጥ በእርግጫ ሲያግዝ ነው። ሁለቱም ከሸንበቆው ምልክት በላይ ነበሩ። ተስፋ ልንቆርጥ ስንል አንድ ደላላ፣ ጎኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ያለው ነጭ ሚኒባስ እየነዳ በራችን ድረስ መጣ።

"እማማ፣ ይግቡበት፤ ይሞክሩት" አለ።

እናቴ ለካች። መርገጫው ከምልክቱ በታች ነው። በሩ ሰፊ፣ መያዣው ጠንካራ። ምርኩዟን አቀበለችኝ፣ እግሯን አነሳች፣ ማንም ሳይነካት ገብታ ተቀመጠች። የመስኮቱን መጋረጃ በጣቷ ዳሰሰችና "ይሄ ነው" አለች። ወንድሜ ገና ኮፈኑን አልከፈተም።

ወንድሜ ግን አዋቂ ነውና ሳይጠይቅ አይገዛም።

"ፍጥነቱ እንዴት ነው?"

"ፈጥኖ አያውቅም" አለ ደላላው። "ዕድሜውን ሙሉ ቀስ እያለ ነው የሄደው።"

"ጭነትስ ይበዛበት ነበር?"

"ሲሄድ አንድ ሰው ብቻ፣ ሲመለስ ባዶውን።"

"ተሳፋሪዎቹስ?"

"ወላሂ፣ አንድም ቀን ያማረረ የለም። አጋሮ ያለ ማኅበር ነው የያዘው። እንደ ዓይናቸው ብሌን ጠብቀውታል።"

እኔ ደግሞ ከሁሉም ብልጥ ነኝ ብዬ ውስጡን አየሁ። መኪናው አሮጌ ሆኖ የኋላ ወንበሮቹ አዲስ ናቸው። ከወንበሮቹ ሥር ወለሉ ላይ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። ምንድን ናቸው ስል ወንድሜ ከደላላው ቀድሞ "ዕቃ እንዳይንሸራተት ነው" አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለእኛ ቤት የተተረተ ሳይሆን አይቀርም።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ አጋሮ ተነሳን። ልጆቼ የመድረሳ ትምህርት ስለነበራቸው ቀሩ። እኔ እነዳለሁ፣ ወንድሜ ከጎኔ፣ እናቴ ከኋላ ከመጋረጃው ሥር። ለአክስቴ እንዳንደውል ከለከለችን። "ሳትዘጋጅ ልያዛት። እሷ ስትቆጣ እኔ ልሳቅ" አለች። ከገዛ ሠርጓ ወዲህ እንዲህ የተዋበች አይመስለኝም፤ ሽቶም ነበር።

መንገዳችን ላይ ያለችው ይቡ ከተማ ስንደርስ ነው ነገሩ የጀመረው። ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ሲያዩን ብድግ አሉ። ባርኔጣ ያለው ባርኔጣውን አወለቀ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ሙዚቃውን አጠፋ። በየደጁ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና የሚያገላብጡ ሴቶች እጃቸውን ሰብስበው ቆሙ።

እናቴ መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ ታይ ነበር። በወጣትነቷ በይቡና በአጋሮ ገበያ ጨርቅ ትሸጥ ነበር።

"አያችሁ?" አለች። "ሰው አልረሳኝም። ይሄን ሁሉ ዘመን ቆይቼ፣ ሰው አልረሳኝም።"

ከመጋረጃው ጀርባ እንደ ወይዘሮ አንገቷን ዝቅ ከፍ እያደረገች አጸፋውን ትመልሳለች። ወንድሜና እኔ ተያየን። ትንሽ ቆይቶ ቡና የጫነ ትልቅ መኪና ዳር ይዞ አሳለፈን። በዚያ መንገድ የቡና መኪና ለማንም መንገድ ለቆ አያውቅም። ያኔ ፈራሁ።

አጋሮ ስንገባ ፀሐዩ በእናቴ በኩል ስለነበር መጋረጃውን ዘጋችው። እኔ በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ ሰዎች እየተከተሉን ነው። ሴቶቹ ሻሻቸውን እያስተካከሉ፣ ወንዶቹ በዝምታ፣ አንዱማ አካፋ ተሸክሟል። አክስቴ በር ላይ ሳቆም ከኋላችን መንገዱ ሞልቶ ነበር። አንድ ሽማግሌ ዝቅ ባለ ድምፅ "ኢና ሊላሂ" ማለት ጀመሩ።

አክስቴ ወጣች። መጀመሪያ መኪናውን አየች። ከዚያ መሪው ላይ እኔን፣ ከጎኔ ወንድሜን። እናቴን አላየችም።

ያቺ ከወንበሯ ተደግፋ የምትነሳ ሴትዮ ሮጠች። ምርኩዟ በአንድ በኩል፣ ጫማዋ በሌላ በኩል ቀረ። "ኦቦሌቲ ኮ! እህቴን! እህቴን!" እያለች የመኪናውን ጎን በሁለት መዳፏ ትደበድበው ጀመር። "ጥላኝ ሄደች! እኔ ነኝ! የእኔ ኩራት ነው! ምናለ በሄድኩ! ምናለ በእግሬም ቢሆን በሄድኩ!" ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ለቅሶውን ተቀበላት። እኔ መናገር ፈልጌ አፌ አልከፈት አለኝ። ወንድሜ፣ ያ ሁሉን የሚያውቀው፣ እሱም ማልቀስ ጀመረ።

በሩ ተንሸራተተ። መጀመሪያ ምርኩዝ ወጣ። ቀጥሎ እግር መጣና መርገጫው ላይ ቆመ።

"ማን ሞተ?" አለች እናቴ።

ሽማግሌው የጀመሩትን ሳይጨርሱ "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ባለ አካፋው አካፋውን ከጀርባው ደበቀ።

"አንቺ ነሽ?" አለች አክስቴ።

"እኔ ነኝ።"

"በዚህ መኪና?"

"ምን ሆነ? መርገጫው ዝቅ ያለ ነው።"

አክስቴ ትከሻዋን በጥፊ አለቻት። በዚያው እጇ ጎትታ አቀፈቻት፣ አልለቅም አለች። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲወዛወዙ የሚወድቁ መስሎኝ ሮጥኩ፤ አልወደቁም።

ኋላ አንድ ጎረቤት ለወንድሜ በጆሮው ነገረው። መኪናው የእድራቸው የጀናዛ መኪና ነበር፤ ከጅማ ሆስፒታል የሞተ ሰው የሚያመጣው፣ መቃብርም የሚያደርሰው እሱ ነው፤ ወለሉ ላይ ያሉት ብረቶች ቃሬዛው የሚንሸራተትባቸው ናቸው። እድሩ አዲስ ገዝቶ አሮጌውን ሸጠው። ለደላላው ደወልኩ፤ አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኩት።

"ምን እንደጫነ አልጠየቃችሁኝም" አለ ረጋ ብሎ። "ደግሞስ ከአገር ሁሉ መርጣችሁ አጋሮ ምን ወሰዳችሁት?"

ለለቅሶ የመጣ ሰው ለለቅሶ ያሰበውን ምግብ ለደስታ አመጣውና ግቢው ሞላ። ባለ አካፋውም ሁለቴ በላ። እናቴ ብቻ አኩርፋ ተቀመጠች። መኪናው አስደንግጧት መስሎን ነገ እንሸጠዋለን ብለን ማባበል ጀመርን።

"እና ከይቡ ጀምሮ የተነሱት" አለች፣ "ለእኔ አልነበረም ማለት ነው?"

አክስቴ የእናቴን ጉልበት መታ መታ አደረገች። "እኔ ለአንቺ ነው የተነሳሁት። ጫማዬን እንኳ አላደረግሁም" አለቻት። እናቴ ትንሽ አሰበችና እንጀራውን ወደ እሷ ጎተተች።

ልንመለስ ስንነሳ አክስቴ እስከ መኪናው ሸኘችን። እናቴ ገብታ ተቀመጠችና ከጎኗ ያለውን ወንበር በእጇ ጠረግ ጠረግ አደረገችው።

"ግቢ። ጅማ ሰንብተሽ ትመለሻለሽ።"

"በዚህ? አኡዙ ቢላሂ!"

"በዚህ የአጋሮ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሄዶበታል። ተቀምጦ የሄደበት የለም። እኔና አንቺ ተቀምጠን እንሂድበት፤ መተኛቱ የትም አይሄድም።"

አክስቴ ሰማዩን አየች፣ መርገጫውን አየች፣ እግሯን አነሳች። ማንም አልደገፋትም።

ይቡ ላይ ሽማግሌዎቹ እንደገና ብድግ አሉ። ሁለቱ አሮጊቶች መጋረጃውን ገፍተው፣ መስኮቱን ከፍተው፣ በየተራ እጃቸውን ያወዛውዙ ጀመር። ባርኔጣውን ያወለቀ አንድ ሰውዬ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸና ከወንበሩ ጋር ተጋጨ። ከዚያ ቀስ ብሎ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ አወዛወዘላቸው።

"አየሽ" አለች እናቴ ለእህቷ። "ይሄ ግን ለእኛ ነው።"