ለሲቭዮ የሰፋሁት መግነዝ

ሬሳ አጣቢ ከመሆኔ በፊት የታወቅሁ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። የታወቅሁ የምለው እኔው ነኝ። የሳማርካንድ የአይሁድ ሰፈራችን ሴቶች ስሜን የሚያነሱት አንድ ነገር ሲተረተርባቸው ብቻ ነበር። የባሰችው ደግሞ ግንብ የምንጋራው ጎረቤቴ ሲቭዮ ናት። ቀሚስ በሰፋሁላት በሳምንቱ ከግንቡ በላይ አንገቷን ብቅ ታደርጋለች።

«ባኽማል! ያንቺ ስፌት ሲያስነጥሱም ይለቃል እንዴ?»

«አንቺ ስታስነጥሺ እንኳን ስፌቱ ግንቡም ይሰነጠቃል!»

ሠላሳ ዓመት እንዲህ ተባባልን። ሌላ ሰፊ ዘንድ ግን አንድ ቀን ሄዳ አታውቅም።

በረዶ በጣለበት ሰሞን፣ ሐሙስ ሲመሽ፣ ሲቭዮ ሞተች። ዓርብ ሰንበት ከመግባቱ በፊት መቀበር ነበረባት። ማለዳ የአጣቢዎቹ አለቃ ቢቢ ኢስታት ከረዳታቸው ከፍሬኾ ጋር ነጭ ጨርቅና አንድ ወረቀት ይዘው መጡ።

«መግነዝ ሰፊያችን ታማለች፤ አንቺ ስፊላት። ደንቡ እዚህ ተጽፏል። ታነቢያለሽ አይደል?» አሉኝ ቢቢ ኢስታት።

ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። የቆጠርኩት ከልጅ ልጄ ጋር፣ ጥርሴ ካለቀ በኋላ ነው። ግን ወረቀቱን ተቀብዬ፣ ግንባሬን ቋጥሬ ከላይ እስከ ታች አየሁትና፣ «ምን አዲስ ነገር አለው?» አልኩ።

ይሄኛው እንኳ አይተረተርባትም ብዬ ማልኩ። ክሩን ደርቤ በየስፌቱ ጫፍ ሦስት ሦስት ጊዜ ቋጠርኩ። እያለቀስኩ ቋጠርኩ። ሸሚዙም፣ ሱሪውም፣ የፊት መሸፈኛውም በሬ ቢጎትተው የማይላቀቅ ሆነ። በሥራዬ ያን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

እኩለ ቀን ላይ ሲቭዮ ቤት አደረስኩት። እሷ አንሶላ ለብሳ ሳንቃው ላይ ተጋድማለች፤ አጣቢዎቹ ከበዋታል። ቢቢ ኢስታት ስፌቱን በጣታቸው ዳበሱት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቋጠሮ ነዋ።»

«መግነዝ ላይ ቋጠሮ? ሰው ተቋጥሮ ይሄዳል እንዴ? ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው እኮ እሱ ነው!»

«ማንበብ አልችልም» አልኩ። ድምፄን ራሴም አልሰማሁት።

«እኔስ ወረቀቱን ዘቅዝቃ ስትይዘው ዓይኗ ደክሞ መስሎኝ» አለች ፍሬኾ።

ከግቢው የሲቭዮ ልጅ ተጣራ። «እናቶቼ፣ ፀሐይዋ እኮ ዞረች!»

ዛሬ ካልተቀበረች እስከ እሁድ ልትቆይ ነው፤ በእኔ ኩራት።

ቢቢ ኢስታት ቁጣቸውን ዋጡ። «ፍቺው። በነጠላ ክር፣ ሳትቋጥሪ፣ ላላ አድርገሽ ስፊው። እኛ እናጥባታለን።»

ከፍሬኾ ጋር ጓዳ ገባን። ቋጠሮው በመርፌ አልፈታ አለ፤ በጥርሴ ታገልኩት። ጎበዝ ሰፊ መሆኔ የተመሰከረው ያን ቀን ብቻ ነው፣ ያውም በማይፈለግበት ቦታ። በግድግዳው ማዶ ገላዋን ሲያጥቡ፣ በስሟም ቀስ ብለው ሲያነጋግሯት ይሰማኛል። ቀጥሎ የመንጻቷ ውሃ መውረድ ጀመረ፤ አንዱ ባልዲ ሳያልቅ ሌላው ይቀጥላል፣ መቋረጥ የለበትም። ውሃው ጸጥ ሲል የቀረኝ አንድ የሱሪ እግር ነበር። ስንዝር በሚያህል ስፌት ጨረስኩት።

ስናለብሳት ክንዷን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ አጣቢነቴም ከዚያ ቀን ጀመረ። በመጨረሻ እንደ ደንቡ ይቅርታ ጠየቅናት።

«ሲቭዮ የፒንሐስ ልጅ፣ ያጎደልንብሽ ካለ ይቅር በይን» አሉ ሌሎቹ።

እኔ ግን ቀጠልኩ። «ስለ ቋጠሮው ይቅር በይኝ። ስለ ወረቀቱም። ያን ጊዜ ዶሮሽ ጎመኔን በላች ብዬ...»

ቢቢ ኢስታት ክንዴን ቆነጠጡኝ። «ባኽማል፣ ሰንበት ሊገባ ነው! ዋና ዋናውን ብቻ!»

«ሁሉንም ይቅር በይኝ» አልኩና በሩን ከፈትኩ። ወንዶቹ ቃሬዛውን ተሸክመው ሲወጡ ፀሐይዋ ገና ጣሪያው ላይ ነበረች።