የቀኛዝማቹ በቅሎ ሕመም

በጃንሆይ ዘመን ስማዳ ውስጥ የከብት ወጌሻ ነበርኩ። አንድ ቀን የወገዳው ቀኛዝማች አስጠሩኝ።

«በቅሎዬ ማንከስ ጀምራለች። ጠበል ባስረጫት፣ ደብተራ ባስደግምላት አልሻላት አለ። አንተም ካቃተህ ዛሬውኑ ለጅብ ትጣል!» አሉ።

ዳማ በቅሎ ናት፤ አንጀቴን በላችው። አራቱንም ኮቴዋን አገላብጬ አየሁ፤ ጀርባዋን ዳበስኩ፤ ምንም የለባትም። እየሳብኩ ባስኬዳት ቀጥ ብላ ሄደች። ያለ ወጓ ገብስ ብጭንባትም አላነከሰችም።

«እስቲ ጌታዬ ይውጡባት» አልኩ።

ገና ሲወጡባት ወደ ግራ ታነክስ ጀመር። ቀና ብዬ ባይ፣ ቀኛዝማቹ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ላብ አጥምቋቸው፣ በግራ እርካብ ብቻ ቆመዋል። ቀኝ መቀመጫቸው ኮርቻውን አልነካም።

ጠጋ ብዬ «የታመሙት እኮ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

«ዝም በል፤ አሽከሮቹ ይሰማሉ!» አሉኝ። ሹም አመመኝ አይልማ!

በሳምንቱ በቅሎዋ ቀኛዝማቹን ይዛ ገበያውን እየሰገረች ስታልፍ ሰዉ እልል አለ። ይኸው እስከ ዛሬ የስማዳ ስመ ጥር የበቅሎ ሐኪም እኔ ነኝ። ያፈረጥኩት ግን የቀኛዝማቹን የመቀመጫ እባጭ ነው።