ትራሷ ሥር ቢላ ያልነበረላት

ሔርሜላ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ትሸጣለች። የተወለደችበት ሰባተኛ ሰፈር ግን ሰው መሆኗን እስካሁን አላመነም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ እትዬ ባይነሽ አራስ ሳሉ፣ ጋኔን ሕፃኗን እንዳይለውጥ ትራስ ሥር የተቀመጠውን ቢላ ጎረቤታቸው ሙሉመቤት ሽንኩርት ልትከትፍበት ወሰደችው። በዚያው መሐል ልጅቱ ተለወጠች ተባለ። ማስረጃ? አፏን የፈታችው ዘግይታ ነው፤ ሠርግ ቤት አትጨፍርም፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ካርቶን ላይ ተረት ትጽፋለች። ሽንኩርት ከታፊዋን የጠየቀ የለም። ሰፊው ሕዝብ ጥፋተኛ ሲፈልግ አይቸገርም፤ በተለይ ጥፋተኛዋ ገና ጡት የምትጠባ ከሆነች።

ሔርሜላ አላለቀሰችም፤ መጽሐፍ አደረገችው። የወንዝ ጋኔኖች የሰው ልጅ ወስደው በምትኳ ስለተዉዋት፣ ከእኩዮቿም ለምን እንደምትለይ ስለማታውቅ ልጅ የሚተርክ የልጆች ልቦለድ። አሳታሚ ሁሉ በሩን ዘጋባት፤ የቀሩት ጋሼ ጓንጉል ብቻ ናቸው። እሳቸውም ወደዱት፣ ከመጨረሻው በቀር። በእሳቸው ሃይማኖት ልጅ የሚያነበው ነገር እንደ ኮሶ ካልመረረ አይሠራም።

አንድ ቀን ለአሮጌ መኪናቸው ካንዴላ ሊገዙ መጡና፣

«ይኸውልሽ» አሉ፣ «የተለወጠችዋ ወደ ወንዟ ትመለስ፣ እውነተኛዋ ቤቷ ትግባ። ያኔ ይታተማል።»

«አትመለስም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አይታተምም።»

ምሳ ይዘው የመጡት እትዬ ባይነሽ ጥግ ላይ ጎማ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ማንን ነው የሚመልሱት?» አሉ።

ጋሼ ጓንጉል በትዕግሥት አስረዱ። ዕድሜ ልካቸውን «ለወጡብኝ» ሲሉ የኖሩት ሴት ምሳ ዕቃውን አስቀመጡ።

«እኔ ተለወጠች አልኩ እንጂ ትመለስ አልኩ? ኩፍኝ ሲይዛት ያስታመምኳት እኔ። ወንዙ መቼ መጥቶ ጠየቃት?»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ተረት ነው።»

«ተረት ከሆነ ምን አንገበገበዎት?»

ጋሼ ጓንጉል ካንዴላውን ባንኮው ላይ አውጥተው ባዶ ካርቶኑን ማገላበጥ ጀመሩ። እትዬ ባይነሽ ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ድምፃቸው ወረደ።

«ያችኛዋስ? እዚያው ወንዙ ዘንድ ቀረች?»

«መጥታ በር ታንኳኳለች።»

«ታዲያ ግቢ በያት እንጂ። ብርድ ነው። አልጋው ግን የዚችኛዋ ነው፤ እሷ ዳር ዳሩን ትተኛለች።»

ሔርሜላ ካርቶኑን ከአሳታሚው እጅ ወስዳ፣ የእናቷን ንግግር ቃል ሳትጨምር ጻፈችበትና መለሰችላቸው። አነበቡት። ደግመው አነበቡት።

«ትምህርቱ የታለ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ይፈልጉት፣ ጋሼ። ልጆቹስ አይጠፋቸውም።»

ካርቶኑን ይዘው ወጡ፤ ካንዴላውን ረስተው። ሔርሜላ አልጠራቻቸውም። ያቺ መኪና ያለ ካንዴላ አትነሳም፤ የትም አትሄድባትም።

መጽሐፉ በዚያው መጨረሻ ታተመ። እትዬ ባይነሽ ዛሬም በሰባተኛ «የተለወጠችው ልጄ የጻፈችው ነው» እያሉ ያሳያሉ፤ ከቃላቸው ንቅንቅ የለም። ሙሉመቤት ደግሞ ለልጅ ልጆቿ ገዝታ፣ ለሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ትላለች፦

«ያን ቢላ ባልወስደው ኖሮ ይሄ ሁሉ ከየት ይመጣ ነበር?»