የባሕር ሣር የጠጣው ጎመን

እኔ ሳልጠይቅ መቀመጥ አይሆንልኝም። ሳውዲ፣ ደማም ከተማ፣ አል መዝሩዒያ ሰፈር በምሠራበት ቤት የማዳም አባት ቲማቲማቸው ላይ አረንጓዴ ውሃ ሲረጩ ያየሁ ቀን መጥረጊያዬን ጥዬ ወደ እሳቸው ሄድኩ። «ባባ፣ ማዳበሪያ ነው?» «አይደለም።» «የተባይ መድኃኒት?» «አይደለም።» ታዲያ ምንድን ነው!

ከሰይሃት ባሕር ዳር በኬሻ ያመጡት የባሕር ሣር ነው፤ ቀቅለው፣ አጥልለው፣ በብዙ ውሃ አቅጥነው ይረጩታል። «አይመግበውም» አሉኝ፣ «ክፉ ቀን ሊመጣ ነው ብሎ ያነቃዋል እንጂ። ሙቀቱ ሳይደርስበት ተክሉ ራሱን ያዘጋጃል።» ወይ ጉድ! ተክል ይሰማል ማለት ነው? እንደ ልጅ ክትባት ነው? ጥያቄዬ ሲበዛባቸው «ኸላስ፣ በቃ ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ።

የጠየቅኩት ለወሬ ብቻ አልነበረም። አጥሩ ጥግ፣ በባዶ የዘይት ቆርቆሮዎች፣ አሥራ ሁለት እግር የአበሻ ጎመን ነበረኝ። ዘሩን እናቴ ናት በሰው የላከችልኝ። ፍልሰታ ሊገባ ወር ያህል ቀርቶታል፤ እዚያ ቤት ድስቱ ሁሉ ዶሮና ሥጋ ነው። ያለፉትን ሁለት ፍልሰታዎች በዳቦና በቴምር ነው የገፋኋቸው። ዘንድሮ ግን ጎመን እበላለሁ ብዬ ምያለሁ። ሙቀቱ ደግሞ ቅጠሉን ማጠውለግ ጀምሯል።

ስለዚህ ባባ ለጁምዓ ሶላት ሲወጡ ከኬሻው ዘገን አድርጌ ቀቀልኩ። እሳቸው ሣሩን ሦስት አራት ጊዜ ሲያጥቡት አይቻለሁ። እኔ አላጠብኩም! ጨዉ ለምን ይባክናል? እኛ አገር ላም እንኳ የምትበረታው አሞሌ ስትልስ ነው። በውሃም አላቀጠንኩትም። ቅጠሉንም ሥሩንም አጠጣሁት። አይ የኔ ነገር! ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለእኔ ነው።

በሦስተኛው ቀን የቅጠሉ ዳር ዳር አረረ። ቁጭ ብዬ ስነፋረቅ ባባ መጡ። አንድ ቅጠል ቀመሱና ፊታቸውን አኮማተሩ። «ጨው!» የላሟን ነገር ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ተናደድኩ፤ የሰው ጎመን እየሞተ ሳቅ ምን ይባላል? የቧንቧው ውሃ ራሱ ጨዋማ ስለሆነ ግን ከመጠጥ ውሃቸው እየቀዱ አፈሩን ደጋግመው አጠቡልኝ። ቆየት ብለውም በደንብ የቀጠነውን ረጩበት። ዘጠኙ ሞቱ። ሦስቱ ወፈር ያለ፣ ጠቆር ያለ ቅጠል አወጡ። ያዳናቸው ርጭቱ ይሁን ውሃው እስከ ዛሬ አላውቅም።

የፍልሰታ መጀመሪያ ቀን፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ቆርጬ ሠራሁት። ሲበስል አንድ ጭልፋ ሆነ። ጎረስኩ። እንዴት ያለ ምሬት! «ባባ፣ ይቅመሱት፣ ምን ሆኖ ነው?»

ቀመሱና በቀስታ አላመጡት። «መከራ ያየ ጎመን ነው። ራሱን የሚጠብቀው በዚህ ምሬት ነው፤ እንዳይበሉት።»

እንዳይበሉት! ከሚበሉት አንዷ እኔ ነኛ። ሁለት ዓመት ሙሉ አምሮኝ ነበር፤ እየመረረኝ፣ እያለቀስኩ፣ እስከ መጨረሻዋ ቅጠል በላሁት። ለእሳቸውም ሁለተኛ ጉርሻ አልሰጠኋቸውም።