የታሰረው ፒን

«ግንቦት አሥራ ሁለት ነበር፣ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ» አለ ፍሬው ለራሱ፤ ግን ድምፁ ወጣ። በሆሳዕና መናኸሪያ ሻይ ቤት አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ዞር ብሎ አየው። «የለም፣ አሥራ አራት ይሆናል። ወይስ ሰኔ ገብቶ ነበር?» ቀኑ ጠፍቶበታል። ያልጠፋችው አንዲት ቃል ናት።

ይህን ያስባለው ማዶ፣ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ጥግ የቆመው ጴጥሮስ ነው። ከተያዩ አምስት ዓመት አልፏቸዋል።

ጴጥሮስ የዳምቦያ በያጅ ነበር። በበርና በመስኮት ጀምሮ የጸሎት ቤት ጣሪያ እስከ ማቆም ደረሰ። ሲበይድ በከምባትኛ ይዘምራል፤ መዝሙሩን ካቋረጠ ልኬት ተሳስቷል ማለት ነው። ፍሬው መሐንዲስ ሆኖ የእግረኛ ድልድይ ሲነድፍ ብረቱን የሚገጥመው እሱ ሆነ።

«ይህ ትራስ ይባላል» አለው ፍሬው ንድፉን ዘርግቶ፣ ድልድዩን የሚሸከመውን የብረት ማዕቀፍ በእንግሊዝኛ ስሙ እየጠራ።

«ይህን ተንተርሰህ ነው የምትተኛው? ታዲያ ለዚህ ነው ዓይንህ የቀላው!»

ዓይኑ የቀላው በፒኑ ነበር። የድልድዩ ጫፍ ወንዙ ዳር ካለው መቀመጫ ጋር የሚገናኘው ፒን በሚሉት አንድ የብረት ዘንግ ነው። ፍሬው የዘንጉን ውፍረት፣ የሚያልፍበትን ላሜራ፣ ከቀዳዳው እስከ ጠርዙ ያለውን ርቀት ሦስት ሳምንት ሲያሰላ ከረመ። አንዲት ሚሊ ሜትር ክፍተትም ተወለት፤ ሰው ሲሄድበት ትራሱ ይጎብጣል፣ ጫፉም በዘንጉ ላይ ትንሽ መዞር አለበት።

«እንደ ጉልበት ነው» አለው ለጴጥሮስ። «ጉልበት ካልታጠፈ ሰው ቁጭ ሲል ይሰበራል።»

«ብረትን ደግሞ ማን ቁጭ በል አለው?»

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ፍሬው ስብሰባ ላይ ሳለ ስልኩ ጮኸ፤ ጴጥሮስ ነበር። «ኢንጂነር፣ ፒኑን ቁራሌዎች ነቅለው እንዳይሸጡት ምን ላድርገው?»

«እሰረው» ብሎ ዘጋ።

በዘንጉ ጫፍ ሽቦ ቆልፍበት ማለቱ ነበር። በጴጥሮስ ቤት ግን ማሰር መበየድ ነው። ፒኑን ዙሪያውን በየደው፤ እንደ ልማዱ አሳምሮ።

በሁለተኛው ወር፣ በገበያ ቀን፣ ሰውና አህያ ድልድዩን ሞልተውት ሳለ፣ ጫፉ መዞር አቅቶት ላሜራው ጮኾ ተሰነጠቀ። ሰው አልሞተም። ድልድዩ ተዘጋ፤ ኮሚቴ መጣ።

«ማን በየደው?»

«እኔ» አለ ጴጥሮስ።

«ማን አዘዘህ?»

ጴጥሮስ ፍሬውን አላየውም፤ ጫማውን አየ። «ማንም።»

ፍሬው እዚያው ነበር። አልደነገጠም፣ አላፈረም፤ ምንም አልተሰማውም። ሪፖርቱ «የበያጁ ጥፋት» ይላል። ፈረመበት። የፈረመው እጅ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

አሁን ሻዩን ትቶ ተነሣና ተሻገረ።

«ኢንጂነር! ሸብተሃል እኮ!»

«አንተስ?»

«የእኔ የብየዳ አመድ ነው፤ ይታጠባል።» ጴጥሮስ ጨበጠው። እጁ እንደ ድሮው ሻካራ ነው። «ልጄ ሰሎሜ አዲስ አበባ ወልዳ ልጠይቃት ነው።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት። የት ነህ አሁን?»

«ጊምቢቹ። አልጋ እሠራለሁ።»

«ድልድይስ?»

«ድልድይ ማን ይሰጠኛል? አልጋ ይሻላል። ቢንቀጠቀጥም ኮሚቴ አይመጣም።»

ፍሬው መሳቅ እንዳለበት ገባው። ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ለምን አልነገርካቸውም? ይህን ብቻ ነው ሊጠይቀው የሚፈልገው። መልሱ ስድብም ቢሆን ስድቡ ይሰማው እንደሆነ ለማየት።

«ጴጥሮስ፣ ያን ቀን በስልክ…»

«አዲስ አበባ አንድ ሰው! አባት፣ ይግቡ እንጂ፣ ሞልቷል!» ረዳቱ በሩን በመዳፉ ደበደበ።

ጴጥሮስ ከረጢቱን አንሥቶ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አኖረ። ከዚያ ዞሮ፣ ዓይኑን ጠቀስ አድርጎ፣ «ትራስህ ግን ደኅና ነው? ያስተኛሃል?» አለው።

ፍሬው አፉን ሲከፍት በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ ወደ ኋላ ብሎ ዞረና በመናኸሪያው በር ወጣ።