ወደ ኋላ የሚሄደው ሰው

ትልቅ መስታወት የሚሸከሙ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ይራመዳል። ወደ ኋላ የሚሄደው ዓይን የለውም፤ ጓደኛው «ደረጃ!» ካላለው መንገዱ ሁሉ ሜዳ ነው። እንዲህ ተማምነው ነው እንግዲህ፣ ሰዎች የዓለምን መስኮት ሁሉ የሚገጥሙት!

ቀጭኔ የሚሉት መስታወት ገጣሚ በዚህ እምነት ተጎድቷል። ፊት ለፊት የያዘለት የሚስቱ ወንድም ከአላፊ አግዳሚው ጋር ሲቀልድ «ደረጃ» ሳይለው ቀረ። መስታወቱ ከነሰውየው ወደቀ፤ ሁለት የግራ እጁ ጣቶች ከዚያ ወዲያ አልታጠፉም። ወንድምየው ግን «ራሱ ነው የተደናቀፈው» ብሎ ድርቅ አለ።

ቀጭኔም ብቻውን የሚችላቸውን ትንንሽ መስኮቶች እየገጠመ ኖረ፤ የቋጠረውን ቂም ግን ጭረት ሳያስነካው። በሐሳቡ ስንቴ ያን ሰው ወደ ኋላ አስኪዶ፣ ደረጃው ጋ ሲደርስ ዝም ብሎታል!

አንድ ቀን የአማቱን የሳሎን መስኮት ነፋስ ሰበረው። ቀጭኔ ትልቁን መስታወት ቆርጦ ሲመጣ ግቢው ውስጥ የቆመው የሚስቱ ወንድም ብቻ ነው።

«ሌላ ሰው የለም?»

«ከሰማይ ላውርድልህ?» አሉ አማቱ ከውስጥ። «እናንተ እስክትታረቁ እኔ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ልክረም?»

ወንድምየው አንዱን ጫፍ ያዘና ጀርባውን ለቤቱ ሰጠ። «እኔ ወደ ኋላ ልሂድ፣ ጋሼ።»

ተራመዱ። ደረጃው ቀረበ፤ ቀጭኔ ዝም አለ። ሰውየው አንዴም አልዞረም። ይባስ ብሎ ዓይኑን ጨፍኗል!

ቀጭኔ ቆመ። «ምን ሆነሃል?»

«የሚመጣብኝን እየጠበቅኩ ነው። ያን ቀን ደረጃውን አይቼዋለሁ፣ ጋሼ። ጨዋታ ይዞኝ ነው። ከዚያ ፈራሁና ዋሸሁ። ይቅር በለኝ።»

ሁለቱም መስታወቱን እንደያዙ ደረጃው ሥር ቆመዋል።

«እዚያው ልታድሩ ነው?» አሉ አማቱ።

«ጣቶቼ አይሰሙህም» አለ ቀጭኔ ቀስ ብሎ። «እኔ ግን ሰምቼሃለሁ። ደረጃ አለ፤ እግርህን አንሣ። ... አንድ ሌላ። ... በቃ፣ ሜዳ ነው።»

መስኮቱን ገጥመው፣ ዳር ዳሩን መስታወቱን በሚይዘው ስቱኮ ቀቡት። እጃቸውን ሲታጠቡ ቀጭኔ «ነገ አንድ ትልቅ የሱቅ መስታወት አለ» አለ። «ወደ ኋላ የምሄደው እኔ ነኝ። አፍህን ቤት ረስተህ እንዳትመጣ።»